«በዜሮ ብር ያማረ ጓሮ» የምትሉን ሰዎች፣ እስቲ ሒሳቡን እንተሳሰብ

ይሄ ብሶት ሆዴ ውስጥ ከቆየ ሰንብቷል። ዛሬ ላውጣው።

ጉዳዩ ስለ ጓሮ ነው። «ሰው በስንት ነገር ተወጥሮ አንቺ ስለ ጓሮ ታወሪያለሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። ግን መሃል አዲስ አበባ ጠባብ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ከበሩ ውጭ ያለችው ቁራሽ መሬት ትልቅ ነገር ናት። ልብስ የሚሰጣው እዚያ ነው። ቡና የሚፈላው እዚያ ነው። ልጅ የሚሯሯጠው እዚያ ነው። እንግዳ ሲበዛ ወንበር የሚወጣው እዚያ ነው። እና ያገባኛል።

ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር «ጓሮዎን በዜሮ ብር ያስውቡ» የሚል ቪዲዮ ይመጣል። ሰውየው ፓሌት፣ ያ የመጋዘን ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ፣ ይዞ ይቀርባል። ያሸዋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ትራስ ጣል ያደርግበታል፣ አለቀ። ፓሌቱ ከየት መጣ? አይነገርም። በምን ተጫነ? አይነገርም። ድሪሉና የእንጨት ማለስለሻ ማሽኑ የማን ነው? እሱም አይነገርም። ቫርኒሽ ስንት እንደገባ የሚያውቅ ሰው «ዜሮ ብር» የሚለውን ቃል ደፍሮ አይናገርም።

የምኖረው ቀበና አካባቢ ነው። ግቢው የድሮ ግቢ ነው፣ ከኋላ በኩል አራት ሜትር በስድስት የምትሆን ባዶ ቦታ አለችው። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። የፈለግኩት ቅንጦት አይደለም። መሬቷ እንዳትጨቀይ፣ ሁለት ሦስት ሰው የሚይዝ አግዳሚ እንዲኖር፣ ጥግ ላይ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል እንዲበቅል። በቃ። እናቶቻችን ይሄን ሳይጨነቁ ሠርተውት ኖረዋል። ግንድ ይንከባለልና መቀመጫ ይሆናል። የተሰነጠቀ እንስራ አፈር ይሞላና በሶብላ ይበቅልበታል። አጥሩ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ እኮ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የዚህች ከተማ ማገዶም፣ ግድግዳም፣ አጥርም ሆኖ ኖሯል። የድሃ ዕቃ ነበር።

አሁን ያው ግንድ፣ ያው ቀርከሃ፣ ያው ያረጀ ሳንቃ ፋሽን ሆነ። ሻጩ ገና ሳልጠይቀው «እህቴ፣ ለካፌ ነው?» ይለኛል። ለቤት ነው ስለው ዓይኑን ያጠብብኛል። ምግብ ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ ካፌውም «ባህላዊ» እየተባለ ጣሪያውን በቀርከሃ፣ ግድግዳውን በአሮጌ ሳንቃ ሲያለብስ ዋጋው ከእነሱ ኪስ ጋር አብሮ ወጣ። እነሱን አልቃወምም፣ ዕቃው ያምራል። ግን ለእነሱ የተቆረጠው ዋጋ እንዳለ እኔ ላይ ይወርዳል። አንድ አግዳሚ የምትፈልግ ሴትና መቶ ወንበር የሚያሠራ ባለሀብት በአንድ ዋጋ ይስተናገዳሉ። ይሄ ያመኛል።

የፈረሳ ዕቃውማ ሌላ ህመም ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የስንት ዘመን በርና መስኮት ወጣ። አንዱን በር ሻጩ ግድግዳ ላይ አስደግፎት አይቼዋለሁ። ወፍራም የጥድ ሳንቃ ነው። ላዩ ሰማያዊ ቀለም፣ ሰማያዊው በተላጠበት ከስር አረንጓዴ፣ አረንጓዴው በተላጠበት ደግሞ እንጨቱ ራሱ ቀይ ሆኖ ይታያል። መቀርቀሪያው አካባቢ እጅ ስለዳሰሰው ተበልቶ ጎድጉዷል። ሁለት እግር ቢገጠምለት ለጓሮ ጠረጴዛ የሚሆን ዕቃ ነው። «ተሸጧል» አለኝ። ለአንድ ምግብ ቤት ነው፣ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል። ያን በር ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረው ቤተሰብ አሁን ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ ጓሮም የለው። ደሜ ፈላ።

እሺ፣ ፓሌት እንግዛ። ፓሌቱ ተገኘ፣ ፒክአፕ ተከራየሁ፣ ሰፈር ደረስን። ገና መኪናው ሳይቆም ተከበብን። «እህቴ፣ የሰፈሩ ልጆች ነን፣ ሌላ ሰው አያወርድም።» የጠሩት ዋጋ ከፓሌቶቹ ዋጋ በላይ ነው። አንዱን ፓሌት ሁለት ሰው ያለ ችግር ያነሳዋል። ሹፌሩና እኔ እናውርደው ስንል ጭቅጭቅ። ተውዋት የሚል አንድም ሰው አልተገኘም።

ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፍሪጅ ወይም ቁም ሳጥን ቢሆን እኔው ነኝ ለምኜ የምጠራቸው፣ ጉልበታቸውንም እከፍላለሁ። የገዛ ዕቃዬን በገዛ እጄ እንዳላወርድ ማስከፈል ግን ሥራ አይደለም፣ ቅሚያ ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ነገር በርካሽ መሥራት መሃል ከተማ ላይ የማይቻለው። ዕቃው ሳይሆን መንገዱ ነው የሚያስከፍለው። ይሄን ቪዲዮ ላይ የነገረን አለ? የለም።

ደግሞ ቀይ አሽ አለላችሁ። ጭቃን ለማጥፋት ከቀይ አሽ የሚሻል ርካሽ ነገር የለም። ከቢሾፍቱ አካባቢ የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች የሚወጣው ያ ቀይ፣ ቀላል፣ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ማለቴ ነው። ውሃ አያቁርም፣ ያሳልፋል። ቀለሙ ራሱ ግቢ ያሞቃል። የእኔ ቦታ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢለብስ የሚፈልገው 1.2 ሜትር ኪዩብ ነው። ሻጩ ግን «በቢያጆ ካልሆነ አልሸጥም» ይላል፣ በሙሉ መኪና ማለቱ ነው። ሲኖው፣ ትልቁ ገልባጭ መኪና፣ ከ10 ሜትር ኪዩብ በላይ ይጭናል። የተረፈውን የት ልድፋው? ጎረቤት በር ላይ? በጆንያ የሚሸጥ ሰው ሲገኝ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ድርብ ነው።

ቢሆንም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። የሚያዋጣውን ከነምክንያቱ ልንገራችሁ፣ ሌላው እንዳይቸገር።

አግዳሚ ከፈለጋችሁ ፓሌቱን ተዉት። ብሎኬት ግራና ቀኝ ደርድሩ፣ ላዩ ላይ ወፍራም ሳንቃ አጋድሙ። ሚስማር የለ፣ ድሪል የለ። ቤት ስትለቁ ፈታችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ ለተከራይ ይሄ ዋና ነገር ነው። ብሎኬቱ ደልዳላ መሬት ላይ ይቀመጥ እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

ለአጥር ወይም ለጥላ አጣና የምትፈልጉ ደግሞ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ሊያልቅ የተቃረበ ሕንፃ ጋ ሄዳችሁ ዘበኛውን ጠይቁ። ለስካፎልዲንግ፣ ሠራተኛ ለሚቆምበት መወጣጫ፣ የዋለ አጣና ሥራው ሲያልቅ ለማገዶ ይሸጣል። የሚስማር ቀዳዳ አለው፣ ሲሚንቶ ነክቶታል፣ ግን ደርቋል። ደረቅ መሆኑ ነው ጥቅሙ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ገዝታችሁ ወዲያው ብትተክሉት ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። እርጥቡን የግድ ከገዛችሁ ልጡን ልጣችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት።

መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብልቡት። የገጠር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ እኛ ከተሜዎች ረሳነው። ላዩ ጠቁሮ እስኪከስል ድረስ እሳት ላይ ታገላብጡታላችሁ። የከሰለውን እንጨት ምስጥም እርጥበትም ቶሎ አይደፍረውም ይላሉ። ጋራዥ ሄዶ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ መቀባትም የተለመደ ነው። ግን እባካችሁ ጎመን ወይም በሶብላ የምትተክሉበት አጠገብ አታድርጉት። ዘይቱ ከሞተር ውስጥ ያጠራቀመው ብረታ ብረት ከዝናቡ ጋር ወደ አፈሩ ይወርዳል። ሰው የሚቀመጥበትን ሳንቃም አትቀቡት፣ ለእሱ ቫርኒሽ ወይም የተልባ ዘይት ይሻላል።

ፓሌት ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ካለ ጎኑ ላይ ያለውን ማኅተም ይይ። የስንዴ ዛላ ምልክት አለ፣ አጠገቡ ካሉት ጽሑፎች መሃል እንጨቱ በምን እንደታከመ የሚናገሩ ሁለት ፊደላት አሉ። «ኤች ቲ» (HT) የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ እንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ሞቋል ማለት ነው። «ኤም ቢ» (MB) የሚለው ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው። ልጅ ለሚቀመጥበትም፣ ለአትክልት መደብም፣ ለማገዶም አይሆንም። ይሄን ጉዳይ ቪዲዮ ሠሪዎቹ ዝም ብለው ያልፉታል፣ ይሄ ነው በጣም የሚያናድደኝ። ሚስማሩንም በጉጠት ለመንቀል አትታገሉ። የፓሌት ሚስማር ጥምዝ ነው፣ ሳንቃውን ሰንጥቆ ነው የሚወጣው። በሳንቃዎቹ መሃል የብረት መጋዝ አስገብታችሁ ሚስማሩን ቁረጡት፣ ሳንቃው ሳይጎዳ ይለያያል።

ቀርከሃ ላይ ተጠንቀቁ። መንገድ ዳር የሚሸጠው ብዙው ሳይበስል የተቆረጠ ነው። ቀርከሃ ቢያንስ ሦስት ዓመት ካልሞላው ውስጡ ገና ለነቀዝ የሚጣፍጥ ስታርች ሞልቶታል። ያምራል ብላችሁ ትገዙታላችሁ፣ ከርሞ ከስሩ ነጭ ዱቄት መርገፍ ይጀምራል። ያ ዱቄት ገንዘባችሁ ነው። ነቀዝ በሚከላከለው ቦራክስ የታከመ መሆኑን ጠይቁ። ሻጩ ጥያቄው ካልገባው ትታችሁት ሂዱ።

ለአትክልቱ ብዙ አትድከሙ። የጥብስ ቅጠልም ጤና አዳምም ከጎረቤት ቅርንጫፍ ተቆርጦ ቢተከል ይይዛል፣ ለችግኝ ብር አያስፈልግም። የዘይት ጀሪካን ወገቡ ላይ ቁረጡና ታቹን በጋለ ሚስማር ብሱት። የአዲስ አበባ ፀሐይ ፕላስቲኩን ውሎ አድሮ ይሰነጥቀዋል፣ ስለዚህ ጥላ ያለበት በኩል ይሁን። አሮጌ ብረት ድስትና በርሜል የተሻለ ይቆያል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ በርሜል በፈለጋችሁት ልክ ቆርጠው ይሰጧችኋል፣ እነዚያ ባለሙያዎች እጃቸው ይባረክ። አንድ ሙሉ በርሜል ደግሞ ከአሸንዳው ስር አስቀምጡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የክረምቱን ዝናብ ዝም ብሎ ወደ ቱቦ መልቀቅ ግፍ ነው። አፉን ግን በወንፊት ሽቦ ክደኑት፣ ትንኝ እንዳይራባበት፣ ልጅም እንዳይገባበት።

የቀረኝ አንድ ብሶት ነው፣ የከበደውም እሱ ነው። ጓሮዬ ትንሽ መልክ መያዝ ስትጀምር አከራዬ መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩ። «አንቺ ልጅ፣ ግቢው አማረ እኮ!» አሉኝ። ደስ አለኝ። በሳምንቱ የኪራይ ጭማሪ ተነገረኝ። ምክንያቱ? ግቢው ስላማረ።

የገዛሁት እኔ፣ የተሸከምኩት እኔ፣ ቆሻሻውን ጠርጌ ያወጣሁት እኔ። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን ይላል። ጭማሪውም በሚመለከተው አካል በሚወጣው መጠን እንጂ አከራይ ደስ ባለው ጊዜ የሚቆረጥ አይደለም። ውሉን አውጥቼ በትህትና አስረዳኋቸው። ነገሩ ለጊዜው ቆመ፣ ግን ቂሙ አለ፣ በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው ተቀይሯል። ተከራዮች፣ ውላችሁን በጽሑፍ ያዙ፣ አስመዝግቡም። ሳንቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይቅደም። አከራዮችም እባካችሁ፣ ቤታችሁን እንደ ራሱ ቤት የሚንከባከብ ሰው ስታገኙ አትቅጡት። ነገ የሚመጣው ተከራይ ጓሮውን የቆሻሻ መጣያ ቢያደርገው ምን ልትሉ ነው?

ቪዲዮ የምትሠሩትም ስሙኝ። የምትሠሩት ያምራል፣ እጃችሁም ጥሩ ነው። ግን የመኪናውን፣ የማውረጃውን፣ የቫርኒሹን፣ የማሽኑን ኪራይ ጻፉልን። ስድስት ሺህም ይሁን ሃያ ሺህ፣ እውነቱን ስናውቅ አቅማችንን እናውቃለን። ደሞዟን ቆጥባ በእናንተ ቃል ተነስታ መሃል መንገድ ላይ የምትቀር ሴት ብዙ ናት።

አሁን ወደ ሥራ። ሰኔ ሳይገባ ቀይ አሽ ማስመጣት እፈልጋለሁ። አንድ መኪና ለሰባት ስምንት ትንንሽ ግቢ ይበቃል፣ ብቻዬን ግን አልችለውም። ቀበና፣ ግንፍሌና አራት ኪሎ አካባቢ ያላችሁ መካፈል የምትፈልጉ ጻፉልኝ። ከስሩ የሚነጠፍ አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ከአሁኑ አጠራቅሙ፣ ድንጋዩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ይይዘዋል። መሬቱንም ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ ዘንበል አድርጋችሁ ጠብቁ። መኪናው ማታ ነው የሚገባው፣ ማውረዱን ደግሞ ሁላችንም አካፋ ይዘን እንወጣለን።