የካሉብን ጋዝ ድሬዳዋ ትግዛው

በሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ጋዙ በጅቡቲ ወጥቶ እንደ ኳታር ዶላር ያስገባልናል የሚል ተስፋ ድሬዳዋ ውስጥ ይሰማል። ሒሳቡ ግን አይፈቅድም። የምዕራፉ ዓመታዊ አቅም 111 ሚሊዮን ሊትር ነው፤ የኳታር ትልልቆቹ የጋዝ መርከቦች በአንድ ጭነት 266 ሚሊዮን ሊትር ይይዛሉ። ዓመቱን ሙሉ አምርተን የአንዷን መርከብ ግማሽ አንሞላም።

ከኳታር የሚወሰደው ሌላ ነው፤ ገዢዋን ለረጅም ዘመን በውል ታስራለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ከቻይናው ሲኖፔክ ጋር የፈረመችው በዓመት 4 ሚሊዮን ቶን ለ27 ዓመታት ለማቅረብ ነው። ከጋዙ ጋር የሚወጣውን ኮንደንሴት የሚባል ቀላል ዘይት ለብቻው ስለምትሸጥም የጋዝ ዋጋ ሲወርድ ትቋቋማለች። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ዓመታዊ የፈሳሽ ጋዝ አቅሟን ከ77 ወደ 142 ሚሊዮን ቶን ለማሳደግ ያቀደችው ይህን ይዛ ነው። እንዲህ ካለ ሻጭ ጋር ባሕር ላይ መጋፋት ኪሳራ ነው። መንገዱም አስተማማኝ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የቀይ ባሕር ጥቃት ሲበረታ የኳታር መርከቦች ራሳቸው የቀይ ባሕርን ደቡባዊ መግቢያ ባብ ኤል መንደብን ትተው በደቡብ አፍሪካ ዞረዋል።

የእኛ ገዢ ቅርብ ነው፦ የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካና በመልካ ጀብዱ ያሉት ፋብሪካዎች። ዝግጅቱ ግን ቀላል አይደለም። ጋዙ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ሆኖ መጠኑ ወደ 600 እጥፍ ገደማ ያንሳል፤ የሚጓዘውም ግድግዳው ድርብ በሆነ፣ በመሃሉ አየር በሌለው ቦቴ ነው። አንድ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ቢጭን የካሉብ ምርት በቀን ሰባት ቦቴ ያህል ይሆናል። ይህ ቦቴ እንደ ናፍጣ ቦቴ ኬላ ላይ ብዙ ቀናት ሊቆም አይችልም። ሙቀት ቀስ በቀስ ይገባል፣ ፈሳሹ ይፈላል፣ ግፊቱ ሲያይል ቫልቩ ይከፈትና የተገዛው ጋዝ ወደ አየር ይወጣል። የወጣው ሚቴን፣ የጋዙ ዋና ክፍል፣ ደግሞ አየር ንብረቱን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ይጎዳል። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው የደንገጎ ጠመዝማዛም አለ፤ ግማሽ የተጫነ ቦቴ ውስጥ ፈሳሹ እየተንገጫገጨ መኪናውን ይጎትታል፣ ስለዚህ ጎዶሎ ጭነት መከልከል አለበት።

ፋብሪካው ጊቢ ውስጥ ማጠራቀሚያ ታንከር፣ ፈሳሹን ወደ ጋዝ የሚመልስ ማትነኛ፣ የግፊት መቆጣጠሪያና ለጋዝ የተሠራ ማቃጠያ ያስፈልጋል። ማትነኛው ክንፍ ያላቸው የአሉሚኒየም ቱቦዎች ናቸው፤ የሚያሞቃቸው የውጭው አየር ስለሆነ የድሬዳዋ ሙቀት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቱቦዎቹ በረዶ ሲጋግሩ ስለሚደክሙ ሁለት ተተክለው በፈረቃ መሥራት አለባቸው። ጋዙ ሽታ የለውም፤ ጠረን የሚሰጠው ኬሚካል ከተነነ በኋላ ይጨመርበታል።

ለቤት ማብሰያ ሲሊንደር ይህ ጋዝ አይሆንም። ሲሊንደሩ የሚይዘው ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ሚቴን በተራ ሙቀት ምንም ያህል ቢጨመቅ ፈሳሽ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ፋብሪካዎቹ በጋራ ሆነው ከአምራቹ ጋር ቢያንስ የአሥር ዓመት ውል ይፈርሙ። ዓመታዊው መጠን፣ የዋጋው ስሌት፣ ገዢው ባይወስድም የሚከፍለው ዝቅተኛ ድርሻ፣ ቦቴ ሲዘገይ ጉዳቱን የሚሸከመው ወገን በውሉ ይጻፉ። ውሉ ሳይፈረም ታንከር መትከል አይገባም።