ገና ሳልሞት?

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ በየፎቁ ሐበሻ አለ። ሊፍቱ ራሱ ሽሮ ይሸታል። እዚህ ሕንፃ ውስጥ የአክስትን ፎቶ በጥቁርና ነጭ አሳትሞ፣ አስተልቆ፣ ታቅፎ መግባት ምን እንደሚያመጣ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ልቤ ውድድሩ ላይ ነበር።

የካሜራ ክበብ አባል ነኝ። አብዛኞቹ አባላት ጡረታ የወጡ ፈረንጆች ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ሌንስ የኔን መኪና ይገዛል። የጥቁርና ነጭ ውድድር ሲደርስ ፎቶው ወረቀት ላይ ታትሞ፣ 16 በ20 ኢንች ካርቶን ላይ ተለጥፎ ይቀርባል። ጥቁርና ነጭ ሲባል ደግሞ የግድ ጥቁርና ነጭ አይደለም። ፊያፕ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌዴሬሽን እንደሚለው፣ ፎቶው ሙሉ በሙሉ በአንድ ቀለም ከተነከረ፣ ቡናማም ቢሆን ያልፋል። ከፊሉ ላይ ብቻ ቀለም ጠብ ካለ ግን ከለር ሆነ። ነገሩ እንደ ጾም ነው፤ በጠብታ ቅቤ ይገደፋል።

አክስቴ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። መስኮት ዳር ቁጭ ብላ ቡና ስትለቅም አነሳኋት። ኮምፒውተር ላይ በአረንጓዴ ማጣሪያ ከለሩን ሳጠፋው የነጠላዋ ቀይ ጥለት ጥቁር ሆነ። አረንጓዴ ማጣሪያ ቀይን ያጠቁራል። እኔ «ኮንትራስት!» ብዬ ፈነጠዝኩ።

አሳትሜው ስመለስ ሊፍት ውስጥ አንዲት ጎረቤቴ አየችው።

«ውይ በሞትኩት! መቼ ነው?»

«ትናንት» አልኳት። ፎቶው የተነሳበትን ቀን የጠየቀችኝ መስሎኝ።

«ታማ ነበር?»

«ኧረ በደህናዋ! ቡና እየለቀመች።»

ደረቷን ደቃ አራተኛ ፎቅ ወረደች። እኔም ጥሩ ፎቶ ሰው ያስለቅሳል ማለት ይሄ ነው ብዬ ኮራሁ።

ማታ በር ተንኳኳ። ሦስት ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንጀራና አንድ ድስት ምስር ወጥ ይዘው። በሩን የከፈተችው ሟች ናት። «በስመ አብ!» የሚለው ጩኸት እኔ ያለሁበት መኝታ ቤት ድረስ ተሰማ። ድስቱ ግን ተረፈ። ሐበሻ ቢደነግጥም ወጥ አይጥልም።

እንግዶቹ ስቀውም አፍረውም ከሄዱ በኋላ ተራው የኔ ሆነ።

«ገና ሳልሞት? ጥለቴ እኮ ቀይ ነው! በቁሜ ከል አለበስከኝ! እኛ ድሮ ፒያሳ ፎቶ ቤት ገንዘብ ከፍለን ከንፈራችንን በብሩሽ ቀይ እናስቀባ ነበር። አንተ ከፍለህ ታስጠፋለህ?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። አንሴል አዳምስ የሚባል አሜሪካዊ ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ 1940 አካባቢ ከድፍን ጥቁር እስከ ነጭ ወረቀት ያለውን ከ0 እስከ 10 በዞን እንደከፈለው ነገርኳት።

«እኔስ የት ነኝ?»

«ነጠላሽ ዞን 8 ነው እትዬ። ጥለቱ 2።»

«ቀበሌውስ?»

የውድድሩ ቀን ዳኛው ፎቶውን መብራት ስር አቆመው። ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ ፊት መጣ፣ አንገቱን አዘመመ። የነጠላው ሽመና ክር በክር ይታያል ብሎ አደነቀ። ከዚያ ጥግ ላይ ያለው የስኒ ጠርዝ አብለጭልጮ ዓይን ይሰርቃል፣ ቢቆረጥ ኖሮ አለ። የፎቶ ዳኛ የሆነ ነገር ካልቆረጠ እንቅልፍ አይወስደውም መሰለኝ። ከ10 ሰባት ሰጠኝ።

አክስቴ ሳትተኛ ጠበቀችኝ።

«ስንተኛ ወጣሁ?»

«አልወጣንም።»

«ማን ወጣ?»

«ባዶ ወንበር። ዝናብ ላይ የተተወ።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ባለቤቱ ሞቶ ነው?»

በማግስቱ ሻንጣ ስታስር ፎቶውን አምጣው አለችኝ። ቅር ያላት መስሎኝ በከለር ሌላ አሳትምልሻለሁ አልኳት።

«እሱንም አሳትም። ይሄኛው ግን መቼም አንድ ቀን ያስፈልጋል፤ ያኔ ፎቶ ፍለጋ አትባዝኑ» ብላ በሁለት ጋቢ መሀል አስተኛችው። «ፍሬሙን እዚያው አሠራለሁ። መስታወት ኪሎ ይበላል።»