የሠራው እና ያሠራው

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ከቺካጎ ሲመጣ ስልክም ጫማም አላመጣልኝም። አዲስ አመል ይዞ መጣ። ሕንፃ በእግር መጎብኘት።

ከቺካጎ አጠገብ ኦክ ፓርክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስመ ጥሩው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ከ1889 እስከ 1909 እ.ኤ.አ. እዚያ ሲኖርና ሲሠራ ነበር። የእሱ እጅ ያረፈባቸው ከሃያ በላይ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። ሰዉ ከፍሎ፣ ከደጅ ደጅ እየዞረ፣ የሰው ጣሪያ ያያል።

«ሰው ይኖርባቸዋል?» አልኩት።

«ብዙዎቹ ውስጥ አለ።»

እኛ ሰፈር ሃያ ሰው ደጅህ ቆሞ ቤትህን ትክ ብሎ እያየ ራሱን ቢነቀንቅ፣ ማታውኑ ጠበል ታስረጫለህ።

ራይት በጣሪያ ማፍሰስም ይታማል። አንድ ሀብታም ደንበኛው እንግዳ ሰብስቦ እራት ሲያበላ ጣሪያው አናቱ ላይ አፈሰሰበት። ተናዶ ደወለ። ራይትም «ወንበርህን ሳብ አድርጋት» አለው ይባላል። የአክስቴ ልጅ ይህችን ሲያወራ እንባው እስኪፈስ ይስቃል።

«በል፣ ባሕር ዳርንም እንዲሁ በእግር እንዙራት» አለኝ።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ለእግርም ለብስክሌትም የተፈጠረች። ዲያስፖራ በእግሩ ሲሄድ ማየት ግን ለሰው ይከብዳል። አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ከኋላችን ቀስ እያለ ተከተለን። «ግቡ እንጂ!» «በእግራችን ነን።» «ችግር የለም ባክህ፣ በነፃ ነው።» አዝኖልን ነው። ጥቂት እንደሄድን እናቴ ደወለች። «በእግራቸው ሲሄዱ አየናቸው አሉኝ። ልጁ ብር አልቆበት ነው?»

ከጊዮርጊስ ጀመርን። ግቢው ውስጥ የፔድሮ ፓኤዝ ነው የሚባል አሮጌ የድንጋይ ቤት አለ። ፓኤዝ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ፣ ማለትም የካቶሊክ ሚስዮናዊ ነበር። ለአፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት የሠራ፣ በ1618 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይን ያየ፣ በ1622 እዚያው ጎርጎራ ያረፈ ሰው ነው። ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አባት አገኘን።

«አባታችን፣ ይሄን ማን ሠራው?»

«ሱስንዮስ ነዋ!»

የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረ። «ንጉሡ ድንጋይ ይጠርብ ነበር?»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። የአማርኛችን ነው። «የሠራው» እና «ያሠራው» በጽሑፍ እንደ መንትያ ናቸው። ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት። እሷንም ስናወራ እንውጣታለን። የጎንደርን ግንብ ማን ሠራው? ፋሲል። የላሊበላን ማን ፈለፈለው? ላሊበላ፣ ሌሊት መላእክት እያገዙት። ድንጋይ የጠረበው፣ ኖራ የለወሰው፣ ወገቡን የቀጨው ሰው ስም የት ገባ? አይጠየቅም። የሠራ በልቶ አደረ፣ ያሠራ ሐውልት ቆመለት።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ማን ሠራው? «ጣልያን።» እርግጥ ከጣልያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ ነው የተሠራው። በ1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ፖሊ ቴክኒክስ? «ራሽያ።» ይኸውልህ፣ ንጉሥ ሲጠፋ አገር በሙሉ ግንበኛ ይሆናል። የከተማዋን ማስተር ፕላን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ማክስ ጉተር የሚባል ጀርመናዊ ነው። በዘንባባው ሥር በየቀኑ ስንንሸራሸር ስሙን አንስተነው አናውቅም። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለውን የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ደግሞ ከሩቅ አየነው። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ። ፎቶ ክልክል ነው። እጁ እዚያው ኪሱ ውስጥ ቀረ።

የቀኑ ጉድ ግን መሀል ከተማ የጠበቀን ነው። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ባለ አምስት ፎቅ። በዚህ ሙቀት! መስታወቱ ፀሐይ ያስገባል፣ መጋረጃው ፀሐይ ይመልሳል፣ ውስጥ ያለው ሰው በቀን መብራት አብርቶ በካርቶን ያናፍሳል። አናቱ ላይ ብረቱ እንደ ጃርት እሾህ ቆሟል። ለስድስተኛው ፎቅ ነው፣ እግዜር ሲፈቅድ።

«ማን ሠራው?» አልነው ጥበቃውን።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ከገቢዎች ናችሁ?»

«አይደለንም።»

«ከማዘጋጃ? ኮሪደር ነው እንዴ? እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ ምንም አላውቅም።»

ስልክ መታ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ባለቤቱ በመኪና ደረሱ። እኛ በእግራችን መሆናችንን ሲያዩ ትንሽ ቀለል አላቸው። በእግሩ የሚመጣ ሹም የለማ። «አርክቴክቱን ለማወቅ ነው ጋሼ» አልናቸው።

«አርክቴክቱማ እኔው ነኝ!» ደረታቸውን ነፉ። «ዱባይ ሄጄ አንዱን ፎቶ አነሳሁት። ለአንድ ልጅ ሰጠሁት፣ ሣለው። የልጁ ስም... ማን ነበር ባክህ?» ወደ ጥበቃው ዞሩ። ጥበቃው ምንም አላውቅም ብሏል፣ በቃሉ ጸና።

ቤት ስንደርስ ከሐይቁ በኩል ጠቁሮ የነበረው ሰማይ ለቀቀው። እናቴ ቡና አቅርባለች። የአክስቴ ልጅ አመሉ አልለቀቀውም።

«እትዬ፣ ይሄን ቤትስ ማን ሠራው?»

«ባለቤቴ ነዋ፣ ነፍሱን ይማረው።»

«በእጁ?»

«የምን በእጁ! እሱማ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበር። ብር ይልክ ነበር።»

«ታዲያ ጭቃውን ማን አቦካው?»

እናቴ ሳቀች። «እኔ ነኛ! በእግሬ! ይሄንን የሰባት ወር እርጉዝ ሆኜ» ብላ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «በሩንም በዚያ በኩል ሊያወጡት ሲሉ፣ ጭስ ሊጨርሰን ነው ብዬ ወደዚህ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ጓዳዋንም በእርምጃዬ ለክቼ ነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ «የአባቴ ቤት» ስል ኖሬያለሁ። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አወጣ። ፎቶ ሊያነሳት ሲያነጣጥር አንዲት ጠብታ አናቱ ላይ ጠብ አለች። ቀና ሲል ሁለተኛዋ ግንባሩን አገኘችው።

እናቴ ከጀበናው ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ወንበርህን ወደዚህ ሳብ አድርጋት፣ የኔ ልጅ» አለችው።