አምስት ሰው፣ ሦስት ዓይነት ደንብ

ዳይስ ከወረወርን ሦስት ሳምንት አለፈን። ለምን? የደንብ መጽሐፍ መምረጥ አቅቶን!

ቅዳሜ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጓደኛችን በረንዳ ላይ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (አንዱ የሚተርክበት፣ ሌሎቹ ጀግና ሆነው ጭራቅ የሚገጥሙበት የምናብ ጨዋታ) እንጫወታለን። እንጫወት ነበር ልበል። አንዱ እ.ኤ.አ. የ2014ቱን ደንብ ስልኩ ላይ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የ2024ቱን። ስሙ አንድ፣ ውስጡ ሌላ። ቁስል የሚፈውሰው አስማት በድሮው ባለ 8 ገጽ ዳይስ አንዴ ነው የሚወረወረው፣ በአዲሱ ሁለቴ። የቆሰለው ሰውዬ ታዲያ በየትኛው ይዳን? በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን።

አዲሱን እንግዛ ብንል ክፍያው በዶላር ካርድ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ተለምኖ የተገዛው ደግሞ የሚወርድ ፒዲኤፍ አይደለም፣ እኛ የምናነበው ድረ ገጽ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ መጽሐፉም አብሮ ይጠፋል። ገንዘብ የተከፈለበት እኮ ነው!

ፒዲኤፍ ሲገኝም ገጹ ለሁለት ዓምድ ተከፍሏል። ስልክ ላይ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ግራ ቀኝ ስትጎትት ጭራቁ በልቶህ ይጨርሳል። (መብራት ከሄደማ ተወው።)

እ.ኤ.አ. በ2023 መሠረታዊው ደንብ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ተለቋል። ይወርዳል፣ ቃል ይፈለግበታል። እሱን እንያዝ አልኳቸው።

«ሥዕል የለውም» አሉኝ።

አቦ! ሥዕሉን ልትበሉት ነው?

የፊታችን ቅዳሜም ካልተስማማን የመጫወቻ ካርታ ይዤ እሄዳለሁ። ኮንከር ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል።