«ጣት ማወዛወዝ» ብለው ለሳቁት ኃላፊ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ ስለ አእምሮ ጤና የተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንዲት ወጣት ባለሙያ እጇን አወጣች። ኢ.ኤም.ዲ.አር. የሚባለውን ሕክምና ሁለት ሰው እንዲሠለጥን በጀት ይያዝልን አለች። በዓይን እንቅስቃሴ እየታገዘ ክፉ ነገር የደረሰባቸውን ሰዎች የሚያክም ዘዴ መሆኑን ማስረዳት ስትጀምር መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ ሳቁ። «ጣት ማወዛወዝም ሕክምና ሆነ? ይኼ የፈረንጅ አስማት ነው። የእኛ ሰው ቡናውን ጠጥቶ፣ ከጎረቤቱ ተጫውቶ፣ በጊዜ ይረሳዋል» አሉ። አዳራሹ አብሮ ሳቀ። ልጅቷ ተቀመጠች። ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

እኔ አልሳቅኩም። ሳምንቱን ሙሉ ስብሰለሰል ቆይቼ ይኸው ጻፍኩት።

አስማቱን ቶሎ እንጨርሰው። ፈረንጅ አራዳ የሚባል ሰፈር ባለበት ከተማ «የፈረንጅ ነው» ብሎ ነገር መጣል ያስቃል። ኃላፊው ራሳቸውን ሲያማቸው የሚውጡት ክኒን እዚሁ ጅማ፣ ጅሬን ላይ የተቀመመ አይመስለኝም። ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተማሪ በ1987 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) መናፈሻ ውስጥ ስትሄድ አንድ ነገር ታዘበች። ዓይኗ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ያስጨነቃት ሐሳብ ቀለል አላት። በ1989 የመጀመሪያ ጥናቷን አሳተመች። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ተፈተነ፣ ተተቸ፣ እንደገና ተፈተነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ሕመም ከሚመክራቸው ሕክምናዎች አንዱ አደረገው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም በ2018 ለአዋቂዎች መክሮታል። ይኼ ሁሉ ሰው አስማት አምኖ ነው?

አሠራሩ ይኼ ነው። ታካሚው ያንን ክፉ ትዝታ፣ በተለይ የባሰውን ምስል፣ በሐሳቡ ይይዛል። ዓይኑ ደግሞ የባለሙያውን ጣት ወዲያና ወዲህ ይከተላል። ትንሽ ቆይቶ ረፍት ይደረጋል። «አሁን ምን መጣልህ?» ይባላል። ከዚያ እንደገና። ጭንቀቱ ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይለካል። ጠቅላላው ስምንት ደረጃ አለው። ጣቱ ከመምጣቱ በፊት ታሪኩን ማወቅ፣ ራሱን የሚያረጋጋበትን መንገድ ማስለመድ አለ። (ስለዚህ ዩቲዩብ አይታችሁ ቤት ውስጥ ሰው ላይ እንዳትሞክሩ።)

ለምን ይሠራል ለሚል ብዙ ተመራማሪዎች የሚሰጡት መልስ የአእምሮን ጥበት ነው። በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው፤ እንደ ባጃጅ የኋላ ወንበር በሉት። ትዝታው ብቻውን ሲሆን ተንሰራፍቶ ይቀመጣል። ዓይንን የማንቀሳቀሱ ሥራ ሲሳፈር መጠጋጋት ግድ ይሆንበታል። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ስሜቱም ይቀንሳል። ተመልሶ ሲቀመጥም ቀሎ ነው።

«በጊዜ ይረሳዋል» ወደሚለው ልምጣ። አጎቴ ሹፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ጅማ ጭነት ያመላልሳል። አንድ ቀን የጊቤ ቁልቁለት ላይ ከፊቱ የነበረ መኪና ሲገለበጥ አየ። ወርዶ ሰዎቹን ሊያወጣ ሞከረ። አንዱ እጁ ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ መሪ አልያዘም። የተቃጠለ ፍሬን ሲሸተው ላብ በላብ ይሆናል። ሌሊት ይጮኻል። ስድስት ዓመት። ክቡር ኃላፊ፣ ያ «ጊዜ» የሚሉት ስንት ዓመት ነው? ሰባት? አሥራ አምስት? ለአጎቴ ያ ቀን አላለፈም፣ በየሌሊቱ ዛሬ ነበር።

ቡናውስ? የጅማ ልጅ ነኝ፣ በቡና ላይ ክፉ አልናገርም። ግን እስቲ በእውነት እንነጋገር። ቡና ላይ ምን ይወራል? የስኳር ዋጋ። የማን ልጅ እንዳገባች። ማን ከማን እንደተጣላ። በሕይወቱ የደረሰበትን የባሰ ነገር ረከቦት ፊት የሚዘረግፍ ሰው አይታችኋል? የተደፈረች ሴት አቦሉ ላይ ነው በረካው ላይ የምትናገረው? ብትናገር ደግሞ ወሬው ጀበናው ሳይቀዘቅዝ ኮቺ ሰፈር ይደርሳል። ይኼን ሁላችንም እናውቃለን። ቡና የሚያጽናናው መናገር የሚችለውን ሰው ነው። መናገር የማይችለው ስኒውን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ፣ ተመርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጎረቤት «ደህና ሆነ» ይላል። ለዚህም ነው «ሆድ ይፍጀው» የምንለው። አጎቴም እንደዚያው አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ግን የተፈጀው ሆዱ ነው።

እኔን የሚያበሽቀኝ እዚህ ላይ ነው። ኃላፊው የሳቁበት ሕክምና ታካሚው የደረሰበትን በዝርዝር እንዲናገር አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ራሱ ዝርዝር ትረካ የለውም፣ የቤት ሥራም የለውም ብሎ ነው ከሌላው ሕክምና የለየው። ትዝታውን በልቡ ይይዛል። ምን እንደተሰማው፣ ምን እንደመጣለት ጥቂት ይናገራል፣ የቀረው ከእሱ ጋር ይቀራል። ገመናው አይወጣም። «ምን ይሉኛል» እያለ ለሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ ተለክቶ የተሰፋ ነገር ከየት ይምጣ? እኔ እንዲያውም ከአሜሪካ ይልቅ ለጅማ የተሠራ ነው እላለሁ። ተሳሳትክ የሚለኝ ካለ ገመናውን አደባባይ አውጥቶ የዳነ አንድ ጎረቤቱን ያሳየኝ።

አንድ ነገር ልመን። ዓይን ማንቀሳቀሱ ራሱ ምን ያህል እንደሚጨምር ሊቃውንቱ ተከራክረዋል። በ2001 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ምንም አይጨምርም አለ፤ በ2013 የወጣ ሌላ ግምገማ ይጨምራል አለ። ይከራከሩ። የሚከራከሩት እኮ ከሕክምናው ውስጥ የትኛው ክፍል ነው የሚያድነው በሚለው ላይ ነው። ወጡን ያጣፈጠው ኮረሪማው ነው ቅቤው እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ወጡን አይደፉም።

አጎቴን አዲስ አበባ የምትኖረው ልጁ ወደዚህ ሕክምና ጎትታ ወሰደችው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ዘጠኝ ሳምንት። ያየውን ሙሉውን እንዳልተናገረ ነግሮኛል። «ሴትዮዋ አላፋጠጠችኝም» አለኝ፣ እንደ ትልቅ ውለታ ቆጥሮት። ዛሬ ጊቤን ሚኒባስ ፊት ወንበር ተቀምጦ ያልፋል። አደጋውን ረሳው? አልረሳውም። ሲያወራው ግን እጁ አይንቀጠቀጥም። የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። ጩኸቱን በግድግዳ በኩል ስድስት ዓመት ላልሰማ ሰው ላይሆን ይችላል።

ገንዘብ የለም የሚል መልስ ቢሰጥ እንኳ በገባኝ ነበር። ግን ይኼ ማሽን አይፈልግም። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት የለውም፣ ዶላር አያስጠብቅም። ሁለት ወንበር፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል፣ የሠለጠነ ሰው። የተጠየቀውም የሠለጠነ ሰው ነበር። ሁለት ሰው ብቻ! አዳራሹ ፊት የተሰቀለው ባነር ከእኔ ቤት ግድግዳ ይረዝማል።

በሻይ ሰዓት አንዲት እናት ጠጋ አሉኝ። ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ያች ልጅ ያለችው ነገር... እውነት ነው፣ መናገር አያስፈልግም?» አሉኝ።

«ሁሉንም መናገር ግድ አይደለም፣ እማማ።»

ዝም አሉ። ቆይተው የት እንደሚገኝ ጠየቁኝ። እኔ የማውቀው አጎቴ የሄደበትን ነው፣ አዲስ አበባ ነው አልኳቸው። ስንት ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል አሉ። አጎቴ ዘጠኝ ጊዜ እንደሄደ ነገርኳቸው። የአውቶቡሱን ዋጋ ጠየቁኝ። ኃላፊው ከጎናችን ሁለተኛውን ሳምቡሳ አንሥተው ከሰው ጋር ይሳሳቃሉ። እኚያ እናት ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ፣ ደርሶ መልሱን በዘጠኝ ማባዛት ጀመሩ።