ሸኚው ብዙ፣ ተቀባዩ ጥቂት

ወገኖቼ፣ ልጁ በፈተና ሲወድቅበት «እንግዲህ ወታደር ቤት ግባ» ብሎ ያልተቆጣ ከመካከላችሁ ስንቱ ነው? በመምህርነት በኖርኩበት ዘመን ይህን ቃል ከወላጆች አፍ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ያው ወላጅ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ «ጀግናው ሠራዊታችን» ይላል፤ ዓይኑም እንባ ያቀርራል። ለሰነፍ ልጅ ማስፈራሪያ ያደረጋችሁትን ሙያ በምን ሒሳብ የጀግና መፍለቂያ እንደምታደርጉት አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

እኔ የወታደር አባት ነኝ። የበኩር ልጄ ዕድሜውን በውትድርና ፈጅቶ በ1991 ዓ.ም. በባድመ ግንባር ወድቋል። ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብ ብፈልግ ማመልከቻ መጻፍ አውቃለሁ። ይኼኛው ነገሬ ግን ከእናንተ ጋር ነው፤ ከጎረቤቶቼ፣ ከእድርተኞቼ፣ ከቀድሞ ተማሪዎቼ ጋር። ንግግሬ ቢመራችሁም ታገሡኝ፤ ባትታገሡኝም እናገራለሁ።

ልጄ ፈተና ወድቆ አልገባም። በ1969 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ በሒሳብ ከክፍሉ የሚቀድመው አልነበረም። በዚያ ዓመት ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ኦጋዴን ሲገባ እሱ ደብተሩን አስቀምጦ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። እናቱ አለቀሰች፤ እኔ ተቆጣሁ። ሒሳብ ስለሚችል መድፈኛ አደረጉት። መስከረም 1970 ጅጅጋ በወራሪው እጅ ወደቀች፤ የካቲት 26 ቀን በካራማራ ድል ሆነ። ልጄም እዚያው ነበር። ከዚያ እረፍት ያገኛል ስንል ጦሩ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኤርትራ አማጽያን ዞረ፤ ከረን በኅዳር 1971 ስትያዝ ከያዙት አንዱ ሆነ። የቀይ ኮከብን ዘመቻ በ1974 በናቅፋ ተራሮች አየው። መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ የተባለው የሠራዊቱ ክፍል ሲደመሰስ ወባ ይዞት አሥመራ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እናቱ ስለዚያች ወባ ስለት አግብታለች።

ደብዳቤዎቹ ሁሉ «ለጤናችሁ እንደምን አላችሁ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብለው ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አይሄዱም። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አይጽፍም ነበር። አንድ ጊዜ በፈቃድ መጥቶ ሳለ ጠየቅሁት። የዚያ መንግሥት ወዳጅ አልነበርኩም፤ ታናሽ ወንድሜን በቀይ ሽብር አጥቻለሁ። «አጎትህን ለገደለ መንግሥት እንዴት ትዋጋለህ?» አልኩት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «አባዬ፣ እኔ ጠረፍ ጠብቅ ተብዬ ነው የሄድኩት፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሌሎች ናቸው የሚያዙት» አለኝ። ይህ መልስ ያን ጊዜም አላረካኝም፤ ዛሬም አያረካኝም። የእሱ መድፍ ያረፈበት ቀዬ እናቶች እንደነበሩት አልዘነጋም። ወታደርን ጻድቅ ለማድረግ አይደለም የተነሣሁት። የላካችሁትን ሰው ሲመለስ አናውቅህም ማለት ነውር መሆኑን ልነግራችሁ ነው።

ግንቦት 1983ን አስታውሱ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ13 ከአገር ወጣ፤ አሥመራ በ16፣ አዲስ አበባ በ20 ተያዘች። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት በጥቂት ቀናት ተበተነ። ከኤርትራ የተረፈው ከፊሉ ወደ ሱዳን ተሻገረ፣ ከፊሉ በትግራይ በኩል በእግሩ ወረደ፤ በውኃ ጥም በረሃ የቀረውን የቆጠረው የለም። ልጄ ሱዳን ገብቶ በመተማ ዞሮ ቤቱ ሲደርስ እግሩ ከማበጡ የተነሣ ጫማ አያስገባም ነበር።

እናንተስ ያን ጊዜ ምን አላችሁት? በካራማራ ድል ዕለት ቤቴ ድረስ መጥታችሁ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ጀግና ወለድህ» ያላችሁኝ ሰዎች «የደርግ ወታደር» አላችሁት። ቤት ሊከራይ ሲሄድ «ወታደር አናከራይም» ተባለ። ግንባር በነበረባቸው ዓመታት መዋጮውን አልከፈለም ተብሎ ስሙ ከእድር መዝገብ ተሰርዞ አገኘው። ያን መዝገብ የያዘው ሰው ክርስትና ያነሣው ነበር! መንግሥት ለቀድሞ ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን አቁሞ እህልና ትንሽ ገንዘብ ሰጠ፤ ብዙ አልነበረም፣ ግን ሰጠ። የእኛ ሰፈር የሰጠው ቅጽል ስም ነው። የእሱ ጓዶች በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የተቆረጠ እግራቸውን ዘርግተው ሲለምኑ አልፋችኋቸው ሄዳችኋል፤ የሚያሳፍረው ልመናቸው ይመስል ፊታችሁን ያዞራችሁም ነበራችሁ። ልጄ ዘበኛ ሆነ። የመድፍ ርቀት በአእምሮው የሚያሰላ ሰው ለእህል መጋዘን በር ዘበኛ ሆኖ ሰባት ዓመት አደረ።

ከዚያ ግንቦት 1990 መጣ። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በባድመ ሲጀመር አገር የቀድሞውን ሠራዊት አስታወሰች፤ አብራሪው፣ ታንከኛውና መድፈኛው ተፈለገ። ትናንት «የደርግ» የተባለው ሰው በአንድ ሳምንት «ልምድ ያለው» ሆነ። ልጄ ሳይለምኑት ሄደ። በዚህ ጉዳይ ከእሱ ጋር አልተስማማሁም፤ ጭቅጭቃችን ሳያልቅ ነው የተለያየነው። እናንተ ግን በግ አርዳችሁ አበላችሁት፣ ጋቢ ደረባችሁለት። ስሙን የሰረዘው የእድር ጸሐፊ ምርቃት አወረደለት። እሱም አጎንብሶ አሜን አለ። እኔ ብሆን አሜን አልልም ነበር፤ ልጄ ከእኔ የተሻለ ሰው ነበር።

የካቲት 1991 በፀሐይ ግባት ዘመቻ ባድመ ተያዘች። መርዶው የደረሰን ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። አባቶቻችን የወንድ ልጅ እናት በገመድ ትታጠቅ ያሉት ለዚህ ነው፤ ሬሳ ስለሌለ በፎቶግራፉና በአሮጌ የወታደር ኮቱ ላይ አለቀስን። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ንፍሮ በላችሁ፣ ስለ ጀግንነቱ አወራችሁ፣ ሄዳችሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ታኅሣሥ 1993 በአልጀርስ ስምምነት ተፈረመ፤ ሚያዝያ 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ወጣ። መጀመሪያ ያሸነፍነው እኛ ነን ተባልን፤ ኋላ ግን ባድመ ለኤርትራ መሰጠቷ ተገለጠ። ግንቦት 28 ቀን 2010 ገዥው ፓርቲ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደተቀበለ አስታወቀ። በማግስቱ በሰፈራችን ሻይ ቤት አንድ ጎልማሳ «ታዲያ አባባ፣ ልጅዎ በከንቱ ሞተ ማለት ነው?» አለኝ። ሰላሙን አልጠላሁም፤ ከሁላችሁም ይልቅ የተመኘሁት እኔ ነኝ። የአሥመራ ስልክ ሲከፈት አንዲት የማላውቃት እናት ልጇን ፍለጋ ስትጠይቅ በሬዲዮ ሰምቼ አብሬያት አልቅሻለሁ። ነገር ግን ያ ጥያቄ ልጁ ለሞተበት አባት የሚቀርብ አይደለም። በ1990 ለምን፣ እስከ መቼ፣ በስንት ሰው ሳትሉ ያጨበጨባችሁ ናችሁ ልትጠየቁት የሚገባው።

ኤርትራ በዚያ ጦርነት 19,000 ወታደሮች እንደሞቱባት በይፋ ተናግራለች። የእኛስ ስንት ናቸው ብሎ ቀበሌውን፣ የሕዝብ ተወካዩን፣ ጋዜጣውን የጠየቀ ከእናንተ መካከል ማን ነው? በ2013 ጥቅምት በሰሜን በተጀመረው ጦርነት ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ልዩ መልእክተኛ ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የሟቹ ቁጥር እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናገሩ። ሰው ደንግጦ ይቀመጣል ብዬ ስጠብቅ በቁጥሩ ላይ እንደ ከብት ገበያ ክርክር ተያዘ፤ አንዱ አበዛህ ይላል፣ ሌላው አሳነስህ ይላል። የመቀሌም የወልድያም የደሴም እናት ልጇ አንድ ነው፤ እሷ ዘንድ የሚከራከሩበት ቁጥር የለም።

በዚያ ጦርነት ወቅት ከዋሽንግተንና ከለንደን፣ ከአዲስ አበባም ካፌዎች በስልክ «ግፋ በለው» ስትሉ የነበራችሁ፣ ከመካከላችሁ ልጁን የላከ ስንቱ ነው? የላከ ሰው እንደዚያ አይጮኽም። የላከ ሰው ሬዲዮ ይዞ በሌሊት ይነሣል፣ የማያውቀው ቁጥር ሲደውልለት እጁ ይንቀጠቀጣል። ጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም ደግሞ ከእናንተ ጥቂቶቹ ጨዋታ እንደተቋረጠበት ተመልካች ከፍቷችሁ ነበር። ይህን ስል ስም አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ሰበብ አድርጋችሁ የምታቀርቡልኝን አውቃለሁ፤ «ሠራዊቱ የገዥዎች መሣሪያ ነው» ትላላችሁ። ገዥዎች መሣሪያ ሊያደርጉት እንደሚፈልጉ አልክድም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ይሠራል ይላል፤ መንግሥታት ምን ያህል እንዳከበሩት መጠየቅ መብታችሁ ነው። ግን በልባችሁ ለገዥው ያስረከባችሁት እናንተም ናችሁ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት በሶማሊያው ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ነው፤ ለዓመታት ታክሲ ውስጥ «የደርግ ሐውልት ወራጅ» ስትሉ ልጄም ይሰማ ነበር። የሠራዊት ቀን እንኳ የካቲት 7 ሲከበር ቆይቶ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ጥቅምት 15 ሆነ። ለሞተው ሰው ቀኑ ምን ይረባዋል? ለቆሰለው ግን የምትሰጡት ነገር አለ፤ እሱም በእናንተ እጅ እንጂ በሚኒስትር እጅ አይደለም።

ቤት የምታከራዩ፣ በክራንች የመጣውን ተከራይ የየትኛው ዘመን ወታደር እንደሆነ ሳትመረምሩ አስገቡት። ቀጣሪዎች፣ ከዘበኝነት ሌላ ሥራ እንደሚችል ጠይቁት። ልጆች ያላችሁ፣ ውትድርናን ለሰነፍ ቅጣት አድርጋችሁ አትጥሩ። ጦርነት ይታወጅ ሲባልም የራሳችሁን ልጅ ስም በልባችሁ ጥሩና ከዚያ በኋላ ድምፃችሁን አሰሙ።

የእድር አባላት ደግሞ የመተዳደሪያ ደንባችሁን አውጡና አንብቡ። ግንባር ሳለ መዋጮ ያልከፈለ አባል ከመዝገብ አይሰረዝም የሚል አንቀጽ ከሌለው በሚመጣው ስብሰባ አስገቡ። በእኛ እድር ሐሳቡን በጽሑፍ አቅርቤአለሁ፤ ሰብሳቢው «ይታያል» ብለውኛል። ሰብሳቢው ተማሪዬ ነበሩ፤ የቤት ሥራ ሳይሠራ የመጣን ልጅ ምን እንደማደርግ ያስታውሳሉ።