በዚያውም

ትናንት ከደብረ ማርቆስ የአጎቴ ልጅ ደወለ። «እሁድ ሠርጌ ነው፤ እንዳትቀር። ካሜራህን ይዘህ ና፣ በዚያውም ታነሣናለህ።»

በዚያውም! ባንክ ስሠራ «የመቁጠሪያ ማሽኑን ይዘህ ና፣ በዚያውም ገንዘባችንን ትቆጥርልናለህ» ያለኝ ዘመድ የለም። ባንኩን ለቅቄ ፎቶ አንሺ ከሆንኩ ወዲህ ግን ካሜራዬ የዘመድ ጋቢ ሆኗል። የበረደው ሁሉ ይደርበዋል።

ቃሏን ከዚያ በፊትም አውቃታለሁ። ያስተማረኝ የቅርንጫፋችን ሥራ አስኪያጅ ነው። ለቅሶ ልደርስ ፈቃድ ስጠይቀው «ሂድ፣ በዚያውም ሁለት ሦስት ሂሳብ አስከፍት» አለኝ። ሟች ገና አልተቀበረም እኮ! ታርጌት አልሞላም ተብሎ ድንኳን ውስጥ ፎርም ይዞ የሚዞር ሰው ምን ያህል እንደሚያስጠላ አውቃለሁ። ሰውየው እኔ ነበርኩ። ይህን እስከ ዛሬ አልተውኩለትም፣ አልተውለትምም።

የለቀቅሁበት ጊዜ ደግሞ! ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ እኔም ለቀቅሁ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ለሌንስ ያጠራቀምኩት ብር የሌንስ ክዳን መግዣ ሆነ። የባንክ ሰው ነበርኩ እንግዲህ።

በተረፈችው ሥዕል ገዛሁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የምትለዋን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ። ለካ ሥዕል ሰብሳቢ የሁለቱ ድምር ነው።

ሥዕሏን የገዛኋት ባሕር ዳር ከአንድ ወጣት ሠዓሊ ነው። ቡና የምታፈላ ሴት ናት፤ ወደ ጀበናዋ ስለዞረች ጎኗ ብቻ ይታያል። አብረውኝ የሚኖሩት አክስቴ ዘጌ ነው ያደጉት፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች እያዩ። እዚያ ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያል። በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ክፉው ነው። ማታ ስገባ ሥዕሏ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች።

«ይች አንድ ዓይና ማን ናት?» አሉኝ።

«ቡናው ሲፈላ ትዞራለች» ብላቸው አልሳቁም።

«ብር አንሶህ ነው ግማሽ ፊት የገዛኸው?»

መልስ አልነበረኝም። ብር አንሶኝ ነበር።

ምን ነበር የማወራው? አዎ፣ ሠርጉ። ዛሬ ጠዋት ዋጋዬን ልነግረው ቆርጬ ደወልኩ። «ስማ፣ እኔ እኮ አሁን ሥራዬ...» ስል አላስጨረሰኝም።

«ጥሩ ደወልክ! አክስታችንን በዚያውም ይዘሃቸው ና።»

ባትሪዎቹ ቻርጅ ላይ ናቸው።